የቆጡን ሲያወርዱ የብብትን ላለመጣል፤ በሥራ ላይ ያለን ሥርዓት ስለ መለወጥ ከቡናው ምድር የተገኘ ታሪክ

የኮምፒዩተር ሙያ ታሪክ ሲጻፍ ብዙውን ጊዜ የሚጻፈው የፈጣሪዎች ታሪክ ነው። አዲስ መሣሪያ ማን እንደ ሠራ፣ አዲስ የፕሮግራም ቋንቋ ማን እንዳበጀ በሰፊው ይተረካል። የባለሙያው የዕለት ተዕለት ሥራ ግን ከዚህ የተለየ ነው። እ.ኤ.አ. በ1980 ሊየንትዝና ስዋንሰን የተባሉ ተመራማሪዎች በ487 ድርጅቶች ላይ ያደረጉትን ጥናት አሳትመው ነበር። በዚያ ጥናት እንደ ተመለከተው፣ ከፕሮግራም ሠራተኞች የሥራ ጊዜ ግማሽ ያህሉ የሚውለው ቀድሞ የተሠራውን በመጠገንና በማሻሻል ላይ ነው። ከዚህም ውስጥ የሚበዛው ብልሽት ማስተካከል ሳይሆን፣ ተጠቃሚው የጠየቀውን አዲስ ነገር በነባሩ ላይ መጨመር ነው።

በዚያው ዘመን የአይ ቢ ኤምን ታላላቅ ፕሮግራሞች ዕድገት ያጠናው ማኒ ሌማን ከባልደረባው ከላስሎ ቤላዲ ጋር የደረሰበት መደምደሚያ ለዚህ ምክንያቱን ይሰጣል። በሰው ኑሮ ውስጥ ገብቶ የሚያገለግል ፕሮግራም፣ ኑሮው በተለወጠ ቁጥር አብሮ ካልተለወጠ ጥቅሙ እየቀነሰ ይሄዳል፤ በተለወጠም ቁጥር፣ ልዩ ጥንቃቄ ካልተደረገለት በቀር፣ ውስጡ እየተወሳሰበ ይመጣል። በኢትዮጵያም ይህ እውነት ማስረጃ አያጣም። መስከረም 4 ቀን 2013 ዓ.ም. አዲሶቹ የብር ኖቶች ይፋ ሲሆኑ፣ እስከዚያ ቀን ድረስ ከ100 ብር የሚበልጥ ኖት የማያውቁት የገንዘብ መክፈያ ማሽኖች ባለ 200 ብሩን ማወቅ ነበረባቸው። ማሽኖቹ አልተበላሹም፤ የተለወጠው በዙሪያቸው ያለው ዓለም ነው።

መለወጥ ግዴታ ከሆነ ዘንድ፣ የሚቀረው ጥያቄ የሚሠራው ነገር ሥራውን ሳያቋርጥና የነበረውን ሳይጥል እንዴት ይለወጣል የሚለው ነው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚለው የአበው ተረት የጥገናን ሥራ አደጋ በአንድ ዐረፍተ ነገር ይገልጸዋል። ጅማና በዙሪያዋ ያሉት የቡና ከተሞች ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚሆኑ ሦስት ታሪኮች አሏቸው። የመጀመሪያው የዛፍ፣ ሁለተኛው የንግድ፣ ሦስተኛው የኮምፒዩተር ነው።

ሊነቀል የማይችለው ማሳ

እ.ኤ.አ. በ1971 የቡና ፍሬ በሽታ በኢትዮጵያ ታየ። አረንጓዴው ፍሬ ገና በዛፉ ላይ ሳለ እያጠቆረ የሚያበሰብሰው ይህ በሽታ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ወደ ዋና ዋናዎቹ የቡና አካባቢዎች ተዛመተ። በጅማ አጠገብ በመልኮ የሚገኘው የምርምር ጣቢያ በዚያን ጊዜ ገና ወጣት ነበር። ይሁን እንጂ የቀረበለት ጥያቄ ጊዜ የሚሰጥ አልነበረም። በሌላ በኩል ደግሞ ማሳውን ሁሉ ነቅሎ በአዲስ መተካት የማይታሰብ ነው። ቡና ተተክሎ ደህና ፍሬ እስኪሰጥ 3 እና 4 ዓመት ይፈልጋል፤ ገበሬው እስከዚያ ድረስ የሚኖርበት ሌላ ገቢ የለውም።

ተመራማሪዎቹ መፍትሔውን የፈለጉት ከዚያው ከነባሩ ቡና ውስጥ ነበር። በሽታው ባየለባቸው ደኖችና ማሳዎች ሳይጎዱ የቀሩትን ዛፎች እየለዩ ዘራቸውን ሰበሰቡ። ከዚያም በሽታው ሆን ተብሎ እንዲደርስባቸው አድርገው ፈተኗቸው፤ በፈተናው የጸኑት እየተመረጡ ተባዝተው ለገበሬው ተከፋፈሉ። 741፣ 74110፣ 74112፣ 74140፣ 74165 የሚባሉትና በጅማ ዙሪያ በቁጥራቸው የሚታወቁት ዝርያዎች ከዚህ ሥራ የተገኙ ናቸው። የመጀመሪያዎቹ ሁለት አሃዞች ዛፎቹ የተመረጡበትን ዓመት፣ ማለትም እ.ኤ.አ. 1974ን ያስታውሳሉ።

በዚህ ሥራ ውስጥ ሦስት ነገሮች ልብ ሊባሉ ይገባል። አንደኛ፣ አዲሱ ዝርያ ወደ ገበሬው ማሳ ከመሄዱ በፊት የሚፈራው ነገር ሆን ተብሎ በጣቢያው ውስጥ እንዲደርስበት ተደርጓል። ሁለተኛ፣ የወጣው አንድ ዝርያ ብቻ ሳይሆን ብዙ ነው፤ አንዱ ቢወድቅ ሌላው ይቆማል። ሦስተኛ፣ አዲሱ የተተከለው ነባሩ ቡና በየስፍራው ፍሬ እየሰጠ ሳለ ነው። ያረጀ ቡና በሚጎነደልበት ጊዜም ማሳው በአንድ ዓመት ሁሉ ሳይሆን በየዓመቱ በከፊል እንዲጎነደል የሚመከረው በዚሁ ምክንያት ነው። የተጎነደለው ክፍል አዲስ ቀንበጥ እስኪያወጣና ፍሬ እስኪይዝ ያልተጎነደለው የቤቱን ወጪ ይሸፍናል። ይህ ጥበብ ከኮምፒዩተር ሙያ ጋር ዝምድና ያለው አይመስልም። ነገር ግን ከዚህ በታች እንደሚታየው፣ የኮምፒዩተር ባለሙያዎች በብዙ ኪሣራ የተማሩት ይህንኑ ነው።

በደንብ ያልተጻፈው ሥራ

ሁለተኛው ታሪክ የቡናው ንግድ ራሱ ነው። የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በሚያዝያ 2000 ዓ.ም. ሥራ ከመጀመሩ በፊት፣ የጅማና የአካባቢዋ ቡና ለላኪዎች የሚሸጠው በአዲስ አበባ በሚካሄድ ጨረታ ነበር። ሰብሳቢው ከገበሬው፣ አቅራቢው ከሰብሳቢው ይገዛል፤ አቅራቢው ቡናውን ጭኖ ወደ ዋና ከተማው ይልካል፤ ላኪው ናሙናውን አይቶ ይጫረታል። አሠራሩ ጉድለት አላጣም። የዋጋ ወሬ ወደ ገጠር ዘግይቶ ይደርስ ነበር፤ ሻጩም ገንዘቡን በቀጠሮው ቀን ማግኘቱን እርግጠኛ አልነበረም።

በነሐሴ 2000 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 602/2000 የቡናን ግብይት ወደ ምርት ገበያው አስገባ፤ ግብይቱም በ2001 ዓ.ም. ተጀመረ። ጅማ፣ በደሌና ቦንጋ ከመጋዘን ከተሞች መካከል ሆኑ። አቅራቢው ቡናውን ወደ መጋዘኑ ያመጣል፤ ናሙና ይወሰዳል፤ ቡናው ታይቶና ተቀምሶ የአካባቢ ስምና ደረጃ ይሰጠዋል፤ ከዚያ በኋላ የሚሸጠውና የሚገዛው በመጋዘን ደረሰኝ ነው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ሻጭና ገዢ በአዲስ አበባ የግብይት ወለል ላይ ቆመው፣ ዋጋ እየጠሩ፣ እጅ ለእጅ ተማትተው ይዋዋሉ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2015 ግን ይህ በኮምፒዩተር በሚካሄድ ግብይት መተካት ጀመረ።

ለውጡ ከታለመለት ብዙውን አድርሷል። ዋጋ ይፋ ሆነ፤ ክፍያም አስተማማኝ ሆነ። ነገር ግን የቀድሞው ሥርዓት በየትኛውም ደንብ ያልተጻፈ አንድ ሥራ ይሠራ ነበር። ቡናው ከየትኛው ማጠቢያ ጣቢያ፣ ከየትኛው አቅራቢ እንደ መጣ የሚያውቅ ላኪ ያንን ዕውቀት ከናሙናው ጋር ይዞ ለውጭ ገዢው ያደርሰው ነበር። በአዲሱ ሥርዓት፣ በቀጥታ መላክ ከተፈቀደላቸው የኅብረት ሥራ ዩኒየኖችና ትላልቅ እርሻዎች በስተቀር፣ የአንዱ ቡና በአካባቢና በደረጃ ከሚመስሉት ቡናዎች ጋር ሲደመር የምንጩ ስም በመንገድ ቀረ። ለምርጥ ቡና ከፍ ያለ ዋጋ የሚከፍሉ የውጭ ገዢዎች ቅሬታቸውን አሰሙ። እ.ኤ.አ. በ2010 ልዩ ቡና የሚሸጡና የሚገዙ ወገኖች በቀጥታ የሚገናኙበት መድረክ ተከፈተ፤ የግብይቱ ሕግ ራሱ ግን እንደገና የተጻፈው በ2009 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1051/2009 ነው። ከዚያ ወዲህ የቡናው ምንጭ ስም እስከ ገዢው የሚደርስበት መንገድ ሰፋ።

ነባር ፕሮግራም እንዲያሻሽል ወይም እንዲተካ የታዘዘ ባለሙያ ይህን ታሪክ ደጋግሞ ሊያስበው ይገባል። አሮጌ ሥርዓት ከተጻፈለት ይልቅ የሚሠራው ይበዛል። ለምሳሌ ያህል የአንድን የቡና ገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር የአባላት መዝገብ የያዘ ፕሮግራም ይታሰብ። «ሐሰን» እና «ሀሰን» ተብለው የተጻፉትን ስሞች አንድ አድርገው የሚያዩ ጥቂት መስመሮችን ከዓመታት በፊት የነበረ ሠራተኛ ጨምሮበት ይሆናል፤ ምክንያቱን ግን አልጻፈም። ተተኪው መስመሮቹ ትርፍ መስለውት ቢያወጣቸው ፕሮግራሙ ያለ አንዳች የስሕተት መልእክት መሥራቱን ይቀጥላል። ጉዳቱ የሚታየው በመከር ወራት ነው፤ እሸት ቡናውን አስረክቦ ሒሳቡን ሊቀበል የመጣ ገበሬ «ስምዎ የለም» ይባላል።

እ.ኤ.አ. በ2004 ማይክል ፌዘርስ የተባለ ባለሙያ ስለ ነባር ፕሮግራሞች ባሳተመው መጽሐፍ ያስፋፋው ዘዴ ለዚህ መድኃኒት ነው። በዚህ ዘዴ፣ ፕሮግራሙ ምን መሥራት ይገባው ነበር ከሚለው በፊት፣ አሁን ምን እየሠራ ነው ተብሎ ይጠየቃል። የተለያየ ነገር እየቀረበለት የሰጠው መልስ ሁሉ፣ ትክክል ቢሆንም ባይሆንም፣ ይመዘገባል። ከለውጡ በኋላ ያው ጥያቄ ይደገማል። አንዱ መልስ ተለውጦ ከተገኘ፣ ታስቦበት ነው ወይስ ሳይታሰብ የሚለውን ከተጠቃሚው ቀድሞ ባለሙያው ያየዋል። ፍተሻው ፕሮግራሙ ትክክል መሆኑን አያረጋግጥም፤ ከብብት የወደቀ ነገር ቢኖር ድምፁ እንዲሰማ ያደርጋል።

የመጋቢት 2016 ሌሊት

ሦስተኛው ታሪክ የቅርብ ጊዜ ነው። የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ታሪኩን እ.ኤ.አ. በ1942 ከተቋቋመው የመንግሥት ባንክ የሚጀምር የአገሪቱ ትልቁ ባንክ ሲሆን፣ በ2016 ዓ.ም. ከ38 ሚሊዮን የሚበልጡ ባለ ሒሳቦች ነበሩት። መጋቢት 6 ቀን 2016 ዓ.ም. ዓርብ ለቅዳሜ አጥቢያ፣ ደንበኞች በሒሳባቸው ካለው በላይ ከኤቲኤም ማውጣትና በባንኩ የስልክ አገልግሎት ወደ ሌላ ማስተላለፍ ቻሉ። ወሬው በስልክና በመልእክት ከዩኒቨርሲቲ ወደ ዩኒቨርሲቲ ተዳረሰ። አንድ የጅማ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ተማሪ ለቢቢሲ እንደ ተናገረው፣ ነገሩን ከጓደኞቹ የሰማው ከሌሊቱ 7 ሰዓት ገደማ ሲሆን በመጀመሪያ አላመነም ነበር። ፖሊስ ወደ ግቢው መጥቶ እስኪያስቆም ድረስ ግን ገንዘብ ማውጣቱ ቀጠለ። በሌላዋ የቡና ከተማ፣ በዲላም፣ ከእኩለ ሌሊት እስከ 8 ሰዓት ድረስ ተማሪዎች እንደዚሁ ገንዘብ መውሰዳቸው ተነግሯል።

ባንኩ አገልግሎቱን ለመዝጋት ሰዓታት ወሰደበት። ብሔራዊ ባንክ እሑድ ዕለት ባወጣው መግለጫ፣ ችግሩ የተከሰተው በጥገናና በፍተሻ ሥራ ላይ ሳለ መሆኑን አስታወቀ። የንግድ ባንኩ ፕሬዚዳንት አቶ አቤ ሳኖ በበኩላቸው የሳይበር ጥቃት አለመድረሱን፣ የደንበኞችም ሒሳብ ደህና መሆኑን ገለጹ። በኋላ ይፋ በሆነው መሠረት፣ በእነዚያ ሰዓታት 490,000 ያህል የገንዘብ እንቅስቃሴዎች ተደርገዋል፤ ያለ አግባብ የተወሰደው 801 ሚሊዮን ብር ያህል ነበር። ባንኩ በሳምንታት ውስጥ ከ620 ሚሊዮን ብር በላይ አስመለሰ፤ ወደ 15,000 የሚጠጉ ሰዎች የወሰዱትን በሙሉ ወይም በከፊል መልሰዋል። አንዳችም ያልመለሱ የተባሉ 567 ሰዎች ስም ለሕዝብ ይፋ ተደረገ።

ከዚህ ሌሊት የሚወሰደው ትምህርት ለአንድ ባንክ ብቻ የሚሆን አይደለም። ባንክ ከሚሠራቸው ሥራዎች ሁሉ ጥንታዊው «የለህም» ማለት ነው። 100 ብር ያለው ሰው 500 ብር ሲጠይቅ መከልከል ከብዕርና ከወረቀት መዝገብ ዘመን ጀምሮ የኖረ ሥራ ነው። እንዲህ ያለው ሥራ እጅግ የታወቀ በመሆኑ ምክንያት ከፍተሻ ዝርዝር ውስጥ በቀላሉ ሊቀር ይችላል። በየትኛውም ድርጅት ቢሆን ፍተሻ የሚያዘጋጅ ሰው ዐይኑን የሚጥለው ፕሮግራሙ እንዲፈጽም በተፈለገው አዲስ ነገር ላይ ነው፤ እንዲከለክል የሚገባው አሮጌ ነገር ከሐሳቡ ይርቃል። ስለሆነም ማናቸውም ለውጥ ሲደረግ፣ ለውጡ ከጉዳዩ ጋር ምንም ግንኙነት የሌለው ቢመስልም እንኳ፣ ክልከላዎቹ ሁሉ እንደገና መፈተን አለባቸው። በመልኮ ችግኙ በሽታውን ከማሳው በፊት እንዲያየው እንደ ተደረገ ሁሉ፣ ፕሮግራሙም ከሒሳቡ በላይ የሚጠይቀውን ሰው ከሌሊቱ ወረፋ በፊት ሊያየው ይገባል።

ሁለተኛው ትምህርት የሚመለሰውንና የማይመለሰውን መለየት ነው። ፕሮግራም ወደ ቀድሞው መልኩ ሊመለስ ይችላል፤ ከማሽኑ አፍ የወጣ ብር ግን በትእዛዝ ተመልሶ አይገባም። ባንኩ ገንዘቡን ሊያስመልስ የቻለው እያንዳንዱ እንቅስቃሴ በማን ሒሳብ፣ በስንት ሰዓት፣ ወደ የት እንደ ሆነ የሚናገር መዝገብ ስለነበረው ነው። ያ መዝገብ ባይኖር ልመናም ሆነ ክስ ለማን ሊቀርብ እንደሚገባ አይታወቅም ነበር። ከዚህ ሁሉ በላይ ደግሞ ልብ ሊባል የሚገባው የጉዳቱ አወራረድ ነው። ጥገናው የዋና ከተማ ሥራ ሲሆን፣ ፈተናው የወደቀው በጅማና በዲላ ግቢዎች ውስጥ፣ በእኩለ ሌሊት በማሽን ፊት በቆሙ ወጣቶች ላይ ነው። የወሰደ ሰው ከኃላፊነት አይድንም። ነገር ግን በሩን ዘግቶ መጠበቅ የባለሙያው ድርሻ ነው።

የሌላው ዓለም ምስክርነት

እንዲህ ያለው ነገር በሠለጠኑት አገሮችም ደጋግሞ ደርሷል። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 1 ቀን 2012 በአሜሪካ የአክሲዮን ገበያ ናይት ካፒታል የተባለው ድርጅት አዲስ ፕሮግራም በ8 ሰርቨሮች ላይ ሊጭን ሲል አንዱን ዘለለው። አዲሱ ፕሮግራም የተጠቀመበት ምልክት ቀድሞ ከዓመታት በፊት የተተወ የሌላ ተግባር ማስነሻ ነበር። በተዘለለው ሰርቨር ላይ ያ ሙት ተግባር ተነሥቶ ያለ ገደብ መግዛትና መሸጥ ጀመረ። ሠራተኞቹ ደንግጠው አዲሱን ፕሮግራም ከቀሩት 7 ሰርቨሮች ሲያነሡ፣ ብልሽቱ ወደ ስምንቱም ተዛመተ። በ45 ደቂቃ ገደማ ውስጥ ከ440 ሚሊዮን ዶላር ያላነሰ ገንዘብ ጠፋ፤ ድርጅቱም በዓመቱ ከሌላ ጋር ተዋሐደ።

በዚያው ዓመት ሰኔ ወር በእንግሊዝ የአር ቢ ኤስ ባንክ የሌሊት ሒሳብ የሚያስኬድ ፕሮግራሙን አሻሻለ፤ ችግር ሲያይ ማሻሻያውን ነቅሎ ወደ ቀድሞው ለመመለስ ወሰነ። ዋናው አደጋ የደረሰው በመመለሱ ጊዜ ነበር፤ ምክንያቱም መመለሱ ምን እንደሚያስከትል ቀድሞ አልተሞከረም። ከ6 ሚሊዮን በላይ ደንበኞች ችግሩ ደረሰባቸው፤ ባንኩም እ.ኤ.አ. በ2014 በጠቅላላው 56 ሚሊዮን ፓውንድ ተቀጣ። ሁለቱ ታሪኮች በአንድ ነገር ይስማማሉ። የመመለሻ መንገድ አለ ማለት ብቻውን ዋስትና አይሆንም፤ መንገዱ አስቀድሞ መሄጃነቱ የተረጋገጠ መሆን አለበት።

ለጥገና ሰው የሚቀረው

ከእነዚህ ታሪኮች በአገር ቤት ሁኔታ የሚሠራበት አንድ ልማድ ሊወጣ ይችላል። ለውጡ ትንሽ ይሁን፤ ሦስት ነገር የሚለውጥ ጥገና ቢበላሽ ከሦስቱ የትኛው እንዳበላሸው ለማወቅ ሌሊት ይፈጃል። ፕሮግራሙን የማጽዳት ሥራና ባሕርዩን የመለወጥ ሥራ በአንድ ቀን አይደባለቁ። አዲሱ ሥራ በመጀመሪያ በአንድ ቅርንጫፍ ወይም በአንድ መጋዘን ይሞከር፤ አንድ ክፍል ተጎንድሎ ሌላው ፍሬ እየሰጠ እንደሚቆይ ሁሉ፣ ቀሪው በነባሩ ይቀጥል። የሥራ ወቅትም ይታወቅ። በጅማ ዙሪያ የቡና ገንዘብ በብዛት በሚንቀሳቀስባቸው የመከር ወራት፣ ወይም ሰኔ አልቆ ሐምሌ ሲብት የመንግሥት በጀት ዓመት በሚዘጋበት ሳምንት፣ የማይቸኩል ለውጥ ሁሉ ይቆይ። 13ኛዋን ወር ጳጉሜንን የማያውቅ ፍተሻ ደግሞ በኢትዮጵያ ሙሉ ፍተሻ ሊባል አይችልም።

ከሁሉም በላይ፣ ሥራው ከመጀመሩ በፊት ማን፣ ምን ሲያይ፣ በምን ሥልጣን እንደሚያስቆመው በወረቀት ይጻፍ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንደሚባለው፣ በሌሊት በድንጋጤ የሚወሰን ውሳኔ ናይት ካፒታል ላይ የደረሰውን ያደርሳል። የነበረው ምክንያትም ለተተኪው ይጻፍለት፤ «ሐሰን» እና «ሀሰን» አንድ ስም መሆናቸውን የሚገልጽ አንድ መስመር ማስታወሻ ከዓመታት በኋላ የአንድን ቤተሰብ የዓመት ገቢ ከመጉላላት ሊያድን ይችላል።

ለአዲስ ሥርዓት ምረቃ ሪባን ይቆረጣል፤ ለጥገና ግን ሪባን የለውም። መልካም የተጠገነ ሥርዓት የሚታወቀው በማግሥቱ ማንም ምንም ነገር ባለማስተዋሉ ነው። በአጋሮ የመጣው ገበሬ ስሙ ተገኝቶ ሒሳቡን ይቀበላል፤ በጅማ ግቢ ያለው ተማሪ በሒሳቡ ካለው በላይ ሲጠይቅ ማሽኑ «የለህም» ይለዋል፤ ሁለቱም በዚያች ሌሊት አንድ ለውጥ መደረጉን ሳያውቁ ወደየሥራቸው ይሄዳሉ። የሙያው ክብር ያለው በዚህ ዝምታ ውስጥ ነው፤ ዝምታውን የሚያስገኘውም ለነባሩ ሥራ የሚሰጠው ከበሬታ ነው።